ከድንጋዩ ላይ ያልተነሣው ማረሻ

በየዓመቱ የወላጆች ቀን ሲደርስ ንፋስ መውጫ ያለው ትምህርት ቤታችን አንድ ዓይነት ንግግር ያምረዋል። አንድ መምህር መድረክ ላይ ይወጣና ታላላቅ ሰዎች በልጅነታቸው ምን ያህል እንደተቸገሩ ይዘረዝራል። አንዱ ያለ አባት አደገ፣ ሌላው በባዶ ሆዱ ተማረ፣ ሌላው የእናቱን የጉልት ዕቃ ተሸክሞ ገበያ ወጣ። ወላጆች ያጨበጭባሉ፤ ተማሪዎች ያዛጋሉ። ከዚያ ዳቦና ለስላሳ ይታደልና ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል።

ዘንድሮ ርዕሰ መምህሩ ንግግሩን ለእኔ ሰጠኝ። የታሪክ መምህርት ስለሆንኩ ነው።

«ያንን ንጉሥ አንሺልን» አለኝ። «እናቱ ኮሶ ሻጭ ነበረች የተባለውን። የኛው አገር ሰው ነው፤ ወላጆች ይወዱታል። ችግር እንዴት አድርጎ ታላቅ እንዳደረገው ንገሪያቸው።»

«ችግር ሰውን ታላቅ አያደርግም» አልኩት።

ሳቀ። የምቀልድ መሰለው።

የንጉሡን ታሪክ በእኛ በኩል የማያውቅ የለም። ገና በየበረሃው ሲሸፍት የትልልቅ ቤት ሰዎች «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት ነበር ይባላል። ኋላ ሁሉንም ድል አድርጎ ዘውድ ጫነ። እናቱ በእርግጥ ኮሶ ትሽጥ አትሽጥ እኔ አላውቅም፤ ባላየሁት አልምልም። ስድቡን ግን አምናለሁ። ኮሶ የሆድ ትል መድኃኒት ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ መኳንንት ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ይጠጣዋል፤ ጠጥቶ ይድናል፤ ከዳነ በኋላ ሻጯን ይንቃል። ሰውን እየጠቀሙ እየተናቁ መኖር ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። እኔ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ።

ቀጥቃጭ ማለት ብረት በእሳት አግሎ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ የሚሠራ ሰው ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው። በተወለድኩበት ቀበሌ፣ በእስቴ በኩል ከጉና ተራራ ሥር ግን ቃሉ ራሱ ስድብ ነው። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይላሉ። የአባቴ ጅብነት ድሮም ያስቀኝ ነበር። አባቴ እራቱን ከበላ በኋላ ዓይኑን መግለጥ የማይችል ሰው ነው። እንኳን ጅብ ሆኖ ተራራ ለተራራ ሊዞር ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ይጥለዋል። እናቴ ናት የምታወልቅለት፣ እየተቆጣች።

ከአባቴ የሥራ ጎጆ ደጃፍ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ማን እንዳኖረው የሚያውቅ የለም። አባቴ ሲወለድ ነበረ፤ አያቴ ሲወለድም እንደነበረ ነው የሚወራው። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም ይዞት ይመጣል፤ ድንጋዩ ላይ ያኖረውና ፈቀቅ ይላል። አባቴ ወጥቶ ያነሣዋል። አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ጫፉን አሹሎ፣ ውኃ ነክሮ ሲጨርስ መልሶ ድንጋዩ ላይ ያኖርና ይገባል። ያን ጊዜ ገበሬው ቀረብ ብሎ ማረሻውን ይወስዳል። ሰላምታ አለ፤ ጨዋታም አለ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ በሽታ፣ ስለ ገብሱ ቡቃያ እየተጨዋወቱ ይውላሉ። ሩቅ ሆኖ ለሚያያቸው ወዳጅ ናቸው። እጅ ከእጅ ግን አይነካካም።

ሠርግ ቤት ስንጠራም መቀመጫችን ለብቻ ነው። ሰው በዋንጫ ሲጠጣ ለእኛ በቅል ይቀዳልናል፤ ስንወጣ ቅሉ ይጣላል። ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ የተጣለውን ቅል አንሥቼ ወደ ቤት ይዤው መጣሁ። አዲስ ቅል ነበረ። እናቴ ሳቀችና ጨው አስቀመጠችበት።

የአባቴ ብቸኛ ልጅ ስለሆንኩ ወናፉ የእኔ ነበር። ሁለቱን የፍየል ቆዳ አቁማዳዎች በግራና በቀኝ እጄ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ እሳቱን እነፋለሁ። አባቴ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ገዝቶ የሚያመጣውን የጭነት መኪና ባሌስትራ ብረት ከከሰሉ ውስጥ ይከተዋል። ብረቱ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይቀላል፣ በመጨረሻ ቢጫ ይሆናል። ቢጫው ሲመጣ አባቴ «በቃ» ይላል፤ እኔ እጄን አነሣለሁ፤ መዶሻው ይጀምራል። ሰው ሁሉ «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይላል። ከሚሉት መካከል መዶሻ ጨብጦ የሚያውቅ አንድም ሰው አላየሁም። እኔ ግን ያንን ቢጫ ቀለም አውቀዋለሁ። ይህንን ለመድረክ እንዲመች «የልጅነት መከራ» ብዬ ላስለቅስበት አልችልም። ደስ ይለኝ ነበር። እሳቱ የእኔ ነበር።

ነገሩ የተነሣው ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ በዚያው በንጉሡ ታሪክ።

የታሪክ መምህራችን ከከተማ የመጣ ወጣት ነበር፤ ሲያስተምር ላብ ያጠምቀዋል። የዚያን ቀን ስለ ኮሶ ሻጯ እናትና ስለ ልጇ ነገረን። ልጁ እንዴት እንደተሰደበ፣ ስድቡ እንዴት እንዳንገበገበው፣ እንዴት ተነሥቶ እንደነገሠ። ክፍሉ አጨበጨበ። ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከሁሉ በላይ ያጨበጨበው የቀበሌያችን ባለ ብዙ በሬ ገበሬ ልጅ ነው። ደንዳና፣ ቀይ፣ ደህና ጫማ ያለው ልጅ ነበር። በዕረፍት ሰዓት እኔ ውኃ የጠጣሁበትን ቧንቧ ሳያጥብ የማይጠጣ ልጅም እሱ ነው።

ጭብጨባውን አላስጨረስኩትም። እጄን አወጣሁ።

«ቲቸር፤ ያች ሴትዮ ዛሬ ጎረቤታችን ብትሆን ቤቷ ገብተን እህል እንቀምስ ነበር?»

«እንዴታ!» አለ መምህሩ። «የንጉሥ እናት እኮ ናት።»

«ልጇ ሳይነግሥስ?»

መምህሩ ጠመኔውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። መልስ ከመስጠቱ በፊት የባለ ብዙ በሬው ልጅ ዘወር አለና «እሷማ ኮሶ ነው የሸጠች፤ ሰው አልበላች» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩም፣ እግዚአብሔር ይይለት፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

«እኛ ሰው ብንበላ ኖሮ መጀመሪያ አንተን ነበር» አልኩት። «ደልበሃል።»

ሳቁ ቆመ። የቀጥቃጭ ልጅ እንዲህ ያለ ቀልድ አትቀልድም። ሌላ ልጅ ብትለው ሳቅ ነው፤ እኔ ስለው ዛቻ ሆነ። ቢሆንም እስከ ዛሬ አይቆጨኝም፤ ደልቦ ነበር።

በነጋታው ልጁ ሆዱን ታመመ። ትውከት፣ ትኩሳት፣ ላብ። ምን እንደበላ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ማን እንደበላው ግን ወዲያው ታወቀ። ከሰዓት በኋላ አባትዬው ሦስት አራት ሰው አስከትሎ ከደጃችን ቆመ። ነጠላውን አጥብቆ መስቀለኛ አጣፍቷል። እኔ ከወናፉ ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ሰማሁ።

«ልጄን አስበልተኸዋል» አለው አባቴን።

«ልጅህ ምን በልቶ ነው የታመመው?» አለ አባቴ።

«ምን በልቶ ይላል እንዴ! ተበልቶ እንጂ! ልጅህ በሰው ፊት ‹እበላሃለሁ› አለችው። ስማኝ፤ ነገር አላበዛም። ልጅህ ከልጆቻችን ጋር አንድ ክፍል አትቀመጥም። ትምህርቱ ይብቃት። እምቢ ካልህ ማረሻችንን ይዘን መካነ ኢየሱስ ነው የምንሄድ። አንተም መዶሻህን ቀቅለህ ብላ።»

የእርሻው ወቅት ደርሶ ነበር። የበልጉ ዝናብ መሬቱን አለስልሶት ሁሉም ማረሻውን የሚያወጣበት ጊዜ ነው። ቤታችን ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው በእነዚያ ሳምንታት ሥራ ነው። ሰዎቹ ሄዱ። ሲሄዱ አንደኛው ይዞት የመጣውን ማረሻ እንደ ልማዱ ድንጋዩ ላይ አኖረው። ገርሞኝ ነበር፤ አሁንም ይገርመኛል። በአፉ ያስፈራራናል፤ እጁ ግን ሥራ ያዘናል።

እናቴ አለቀሰች። ቀጥላም እኔን ተቆጣች።

«አፍሽ ነው የጎዳን» አለች። «ይቅርብሽ ልጄ። እኔስ መች ተማርሁ? አልኖርሁም? ሂጂና ይቅርታ በዪው፤ ከዚያ ቤት ትውያለሽ።»

«ምን አጠፋሁና?» አልኳት።

«እኛስ እስክናጠፋ መች ይጠበቃል» አለችና ፊቷን አዞረች።

አባቴ ያን ቀን ዝም ብሎ ዋለ። ዝም ሲል እፈራዋለሁ፤ መዶሻውን የሚያሳርፍበትን ቦታ ሲመርጥም እንደዚያ ነው ዝም የሚል። ጠዋት ስነሣ ምድጃው ላይ ውኃ አፍስሶበታል። ከሰሉ ረጥቦ ያጨሳል። ወናፉን ከቦታው አንሥቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

«ዛሬ ወናፍ የለም» አለኝ። «ደብተርሽን ያዥና ትምህርት ቤት ሂጂ።»

ከዚያ ከደጃፉ ቆመና መንገድ ለሚያልፈው ሁሉ፣ ለሰማውም ላልሰማውም፣ እንዲህ አለ፦ «ከዛሬ ወዲያ ከድንጋዩ ላይ ብረት አላነሣም። የሚሾል ማረሻ ያለው በእጁ ይዞ በእጄ ይስጠኝ። ልጄ ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ወንበር ላይ ካልተቀመጠች የኔም እጅ ለማረሻችሁ አይነሣም።»

ማንም አላመነውም። ሰው ለምዶበታል። እየመጡ ድንጋዩ ላይ ያኖራሉ፤ «እንዴት አደርህ» ይላሉ፤ አባቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ማረሻው እንዳኖሩት ተቀምጧል። ይናደዳሉ። ይሰድቡታል። ማረሻውን ግን መልሰው አይወስዱትም፤ እልኸኞች ናቸው፤ ነገ ያነሣዋል ይላሉ። ማረሻ በማረሻ ላይ ተደራረበ። ዝናቡ ወረደበት፤ ዝገት ጀመረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ያንን ክምር ሳየው ደረቴን ነፋ አድርጌ እገባ ነበር። እናቴ በበኩሏ ስታየው ታማትብ ነበር።

እኛም ተጎዳን፤ ይህን አልደብቅም። መጀመሪያ ዶሮዎቹ ተሸጡ፣ ቀጥሎ ፍየሏ። ጎመንና ቂጣ በላን፤ ኋላ ጎመን ብቻ በላን። ትምህርት ቤት ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ጠፋ። ሦስት ተማሪ የሚጋፋበት ወንበር ለብቻዬ ሆነ። ጥሩ፤ ክንዴን ዘርግቼ ጻፍኩ። ልጁም ብዙም ሳይቆይ ድኖ ኳስ ሲራገጥ አየሁት። ዳነ ብሎ ይቅርታ የጠየቀን ሰው ግን የለም።

ከገበሬዎቹ አንዳንዶቹ እንደዛቱት ትርፍ ማረሻቸውን ይዘው መካነ ኢየሱስ ሄዱ። እዚያ በማሽን አስሞረዱት። አምሮ መጣ፤ አብረቀረቀ። የጉና ሥር መሬት ግን ድንጋያማ ነው፤ በእሳት ያልጠነከረ ጫፍ ገና በመጀመሪያው ትልም ተጣመመ። አንዱ ደግሞ ከቤቱ ሆኖ ሳያግል በመጥረቢያ ጀርባ ሲቀጠቅጠው ለሁለት ከፈለው። ዝናቡ አይጠብቅም። የገብስ ማሳው ሳር አበቀለ። ቀበሌው ሁሉ ስለ አባቴ እልኸኝነት ያወራ ነበር። ስለ ድንጋዩ ያወራ ሰው አልሰማሁም።

በመጨረሻ ቄሱን ላኩብን።

የደብራችን ቄስ ሽማግሌ ናቸው፤ አገር የሚያከብራቸው፣ ጠብ የሚያበርዱ። ጠዋት ነበር፤ ካፊያ ያካፋል። እኔ ደብተሬን በላስቲክ ጠቅልዬ ልወጣ ስል በበቅሎ መጡ። ገበሬዎቹ ቀድመው መጥተው ከደጃችን ካለው ወይራ ሥር ተጠልለዋል፤ ባለ ብዙ በሬውም አለ። ቄሱ ሊያስታርቁ መምጣታቸው ነው፤ ማስታረቅ ማለት ደግሞ አባቴን እሺ ማሰኘት ማለት ነው።

«እንዴት ከረምህ?» አሉት አባቴን።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ አባ?»

«አለን። ተው አንተ ሰው፤ ምን ሆንህ? አገሩ ምን ይብላ? በአንዲት ልጅ አፍ ይህ ሁሉ ማሳ ጦም ይደር?» አሉና መልሱን ሳይጠብቁ ከካባቸው ሥር እጃቸውን ሰደዱ። «ለዚህም እንመለስበታለን። አስቀድመህ ይህችን ሥራልኝ። የሰኔ ሚካኤል ደርሷል። ከበቅሎ ስወርድ ወድቃብኝ አንገቷ ተቀጨ። የከተማው በያጅ ያቀልጥብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ያወጡት የእጅ መስቀላቸውን ነው። የብረት መስቀል፣ ከአባት ከአያት የወረደ፣ በመሳም ብዛት የለሰለሰ። አንገቱ ላይ ተሰብሮ በጅማት አስረውታል። እየተናገሩ፣ ዓይናቸው አባቴ ላይ እንዳለ፣ እጃቸው በልማዱ ወረደና መስቀሉን ድንጋዩ ላይ አኖረው። ከማረሻዎቹ መካከል፤ ከጭቃውና ከዝገቱ። አኑረውም እንደ ማንኛውም ገበሬ ፈቀቅ አሉ።

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። እጆቹን ወደ ኋላው አጣመረ።

«አባ» አለ። «መስቀሉን የት አኖሩት?»

«ምን አልኸኝ?»

«መስቀሉን የት አኖሩት ነው የምልዎት።»

ቄሱ ዝቅ ብለው አዩ። እኒህ ሰው መስቀላቸውን ያለ ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ እንኳ አያኖሩም። እኛ ልጆች ስንሳለም እጃችን እንዳይነካው ከፍ አድርገው ነው የሚይዙት። አሁን መስቀሉ ጭቃ በለበሰው ማረሻ ላይ ተጋድሟል፤ የዝናብ ውኃ እየወረደበት። ከወይራው ሥር አንዱ ሰው «እግዚኦ» አለ።

ቄሱ ጎንበስ ብለው አነሡት። በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ሳሙት። ቀና ሲሉ ፊታቸው በቁጣ ቀልቷል።

«በእግዚአብሔር ዕቃ ትፈትነኛለህ?»

«እኔ መች ፈተንሁዎት» አለ አባቴ። ድምፁ ከፍ አላለም። «ድንጋዩን የመረጡት እርስዎ ነዎት። ይኸ መስቀል ከዚህ እሳት ነው የወጣ አባ፤ አያቴ ነው የሠራው። ማረሻውም ከዚሁ እሳት ነው። እጄ የሚያረክስ ከሆነ መስቀሉን አያሠሩኝ፤ ይዘውት ይሂዱ። የማያረክስ ከሆነ ግን በእጄ ይስጡኝ።»

አለና እጁን ዘረጋ። ጥላሸት የገባበት፣ የተሰነጣጠቀ፣ ትልቅ እጅ ነው የአባቴ እጅ። ዝናቡ መዳፉ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ ቆምኩ። ቄሱ ዘወር ብለው ቢሄዱ ምን እንደሚመጣ አውቄዋለሁ። ትምህርቴ አበቃ፤ የአባቴም ምድጃ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ሊደግፈን የሚደፍር ሰው አይኖርም።

ቄሱ ወደ ወይራው አዩ፤ ወደ በቅሏቸው አዩ፤ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ መስቀሉን በአባቴ መዳፍ ላይ አኖሩት። ወርወር አላደረጉትም፤ አኖሩት። ጣቶቻቸው የአባቴን መዳፍ ሲነኩ በዓይኔ አይቻለሁ።

አባቴ መስቀሉን ሳመና ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፤ ደብተርሽን አስቀምጭና ወናፉን አውርጂ። መምህሩ አረፈድሽ ብሎ ቢቆጣ የመስቀል ሥራ ነበረብኝ በዪው።»

ያን ቀን እንደነፋሁት ወናፍ ነፍቼ አላውቅም። ብረቱ ቢጫ ሆነ፤ አባቴ አንገቱን አገናኝቶ በትንሿ መዶሻ በስሱ መታው። ሲጨርስ መስቀሉን በእጁ ይዞ ወጣ። ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉት። ከዚያ ወደ ወይራው ዞሩና የሚካኤልን ቅዳሴ ሲቀድሱ በሚያወጡት ድምፅ «ምን ይጎልታችኋል? የየራሳችሁን አንሡና ስጡት እንጂ! ልጅቱም ትማር፤ ልጅ አልበላች!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሲታወሰኝ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ማረሻዎቹ ዝገው አንድ መልክ ይዘዋል። የኔ የትኛው ነው፣ የለም የኔ ነው እያሉ ክምሩን አገላበጡት። እያንዳንዱ የራሱን ይዞ መጣ። አንዳንዱ በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ፣ ፊቱን ዞር አድርጎ ያቀብላል። አባቴ አይቀበልም፤ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። ሰውየው ደህና አድርጎ እስኪያኖርለት ድረስ ይጠብቃል። ባለ ብዙ በሬው ብቻ አልቀረበም። ከወይራው ሥር ተነሥቶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ መንገዱን ያዘ። ማረሻው ድንጋዩ ላይ ቀረ።

ሁሉም ነገር ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። ሠርግ ቤት ቅላችን አሁንም ይጣላል። ልጅ የወለደች ሴት አባቴ ሲያልፍ ልጇን አሁንም ትሸፍናለች። ድንጋዩ ላይ ብረት የሚያኖር ሰው ግን የለም። እኔም ስምንተኛን አልፌ፣ ዘጠነኛን አልፌ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ ያው እንደምታዩት የታሪክ መምህርት ሆንኩ።

ስለዚህ ዘንድሮ የወላጆች ቀን ሲደርስ አባቴን ከእስቴ አስመጣሁት። በመኪና ደብረ ታቦር ዞሮ፣ እየተንገጫገጨ፣ ወገቡን ይዞ ደረሰ። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «የዛሬዋ ተናጋሪያችን በልጅነቷ ብዙ ችግር አሳልፋ፣ ችግር አስተምሯት፣ ለዚህ የበቃች ናት» አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ወጣሁ።

«አባቴ ቀጥቃጭ ነው» አልኩ። «ያ ከፊት የተቀመጠው።»

አንዳንዱ አንገቱን አስግጎ አየ፤ አንዲት ሴት ያቀፈችውን ልጅ በነጠላዋ ጋረደች። አየኋት። ቀጠልኩ።

«ስለ ኮሶ ሻጯ ልጅ ንገሪን ተብያለሁ። እሺ። ለእሱ ታጨበጭባላችሁ፤ ስለነገሠ ነው። ባይነግሥ ኖሮ እናቱን ምን ትሏት ነበር? ልጆቻቸው ያልነገሡላቸውን ኮሶ ሻጮችስ ማን እጅ ነሥቷቸው ያውቃል? ዓሣ አጥማጁን ሐዋርያ፣ ድንኳን ሰፊውን ሐዋርያ ትሳለማላችሁ፤ ጌታችንም በአናጢ ቤት ነው ያደገ። አናጢው ጎረቤታችሁ ቢሆን በዋንጫ ትቀዱለት ነበር ወይስ በቅል? ችግር አስተማራት ተብሏል። እኔን ችግር አላስተማረኝም። ያስተማረኝ አባቴ ነው። ብረት ችግር አይደለም፤ እሳትም ችግር አይደለም። የኛ ችግር እናንተ ናችሁ። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እንዳታጨበጭቡ ነው።»

አላጨበጨቡም። ርዕሰ መምህሩ ዳቦና ለስላሳ መዘጋጀቱን ተናገረ። ወርጄ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። አባቴ «ረዝሟል» አለኝ። ሌላ አስተያየት አልሰጠም፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር።

ሰዉ ወደ ዳቦው ሲጋፋ አንድ ሰው ወደ እኔ መጣ። ልጁ እኛ ዘንድ የሚማር ወላጅ ነው። ወዲያው አወቅኩት፤ አሁንም እንደደለበ ነው።

«አወቅሽኝ?» አለ።

«አዎ፤ አልበላሁህም» አልኩት።

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከአባቴ ዓይን እየሸሸ የኮቱን ቁልፍ ይነካካል። «አባቴ አርጅቷል» አለ። «አሁን አልጋ ላይ ነው። አንዳንዴ ስለዚያ ማረሻ ያነሣል። እስካሁን አለ እንዴ?»

«አለ።»

«ዝጎ አልቆ ይሆናላ።»

«ዝገት በእሳት ይለቃል» አልኩት።

«እሱ መቼም አይመጣ» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል። «ከአልጋ የሚነሣበት እግር የለው።»

አባቴ በአንድ እጁ ለስላሳውን ይዞ ከአጠገባችን ቆሟል። ሁለተኛው እጁ ባዶ ነው።

«ማረሻው አለ፤ አባቴም ይኸው አለ» አልኩት። «መንገዱን ታውቀዋለህ። አባትህ እግር ቢያጣ አንተ እጅ የለህም?»